ዘይቱኑ ሲያፈራ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሉቅማን በድሩ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንጀራህስ? እንቅልፍህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከሙቀቱ በቀር የምንከሰው የለንም፤ እሱም በታኅሣሥ ትንሽ አደብ ገዝቷል።

እናትህ ሆዮ ቢሻሮ ሰላም ብላሃለች። ቀላል ሰላምታ እንዳይመስልህ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ጻፍሽው? የቱ ጋ?» እያለች ወረቀቱን በጣቷ ትነካካለች። ስሟ ያለበትን ቦታ ባሳያት፣ «በጣም ትንሽ አድርገሽ ነው የጻፍሽኝ» ብላ ተቆጣች። አቦ፣ ከእሷ ጋር ደብዳቤ መጻፍ ቀፊራ ገበያ ቅመም ሲሸጡ ከመዋል ይከብዳል። እኔ እናቴ ከሞተች ጀምሮ በእጇ ያደግሁ የእህቷ ልጅ ስለሆንኩ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ፤ አንተም ሳትናፍቀው አትቀርም።

ስልክህ ግን ምን ነካው? ከዓረፋ ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም። «የተዛወርኩበት እርሻ ተራራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ብለህ ጽፈሃል፤ እሺ፣ አመንን። የእኔም ስልክ ባለቁልፍ ነው፣ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ አያውቅም። ግን ከዚያ ተራራ በወር አንድ ቀን አትወርድም እንዴ? ሆዮ የምትለው፣ «ብዙ ወሬ አልፈልግም። አንዴ ‹ሆዮ›፣ እናቴ፣ ይበለኝና ይዝጋው» ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሐርላ፣ ማሳችን፣ ወጥተን ነበር። አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከጅቡቲ በባቡር ጭኖ ያመጣቸው፣ ጎረቤት ሁሉ የዓረብ ወይራ የሚላቸው ዘይቱኖች ቆመዋል። ቆመዋል ብቻ ነው። ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ጫፉ ይደርቃል፤ አበባ የሚባል አያውቁም። የማሳ ጎረቤታችን ኸባብ እንደ ልማዱ ሲያሾፍ ነበር። «ፊርዶስ፣ ከነዚህ መፋቂያ እንኳ አይወጣም፤ ለአጥር ሽጪልኝ» ይለኛል። ሆዮ ምን አለችው መሰለህ? «አንተን ሚስትህ ስንት ዓመት ታገሠችህ?» አለችው። አህያውን ይዞ ሄደ።

ነገሩ ግን ለእሷ ቀልድ አይደለም። ወደ ጣልያን ስትሄድ እዚያ ዛፍ ሥር ቆመህ፣ «ወላሂ ሆዮ፣ ዘይቱኑ ሲያፈራ እመጣለሁ» ብለሃታል። አንተ ለማጽናናት ብለኸው ይሆናል። እሷ ግን መሐላ ብላ ነው የያዘችው። ሰው ልጅሽ መቼ ነው የሚመጣው ሲላት ዓመት አትጠራም፤ «ሲያፈራ» ትላለች። እኔ ስሰማት ጓዳ እገባለሁ፤ ምክንያቱም ዛፎቹን አያቸዋለሁ።

እንግዲህ አንተ የምትሠራው የዘይቱን እርሻ ላይ ነው፤ እዚያ የሚያደርጉትን አስተምረኝ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ብሆንም ቅመም መለካት አውቃለሁ፣ የምትለኝን ልክ አላበላሽም። የሆዮ ዓይኗም ጉልበቷም እየደከመ ነው። ይህን የጻፍኩት ላስጨንቅህ ብዬ አይደለም።

ሰላምህን አያጉድልብን።
እህትህ ፊርዶስ

ደቡብ ጣልያን
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፊርዶስ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናቴ። ስሟን በዚህኛው ደብዳቤ ትልቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ አሳዪያት፦ ሆዮ ቢሻሮ። ደብዳቤሽን ሳነብ ኸባብ ከነአህያው ታየኝ፣ ለብዙ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ዛፎቹ ልንገርሽ። የሐርላ አፈር ኖራ የበዛበት ነው። ምግቡ መሬቱ ውስጥ ቢኖርም ኖራው ቆልፎ ስለሚይዘው ሥሩ አያገኘውም። ስለዚህ በቅጠሉ ታበዪዋለሽ። ዛፍ በቅጠሉም ይበላል ብልሽ ትስቂ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ከዚያው ታገኛለሽ። በአንድ ትልቅ ጀሪካን ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ላዝንለት ብለሽ አትጨምሪ፣ ቅጠሉ ይቃጠላል። በሰው እጅ የላክሁት ነጭ ዱቄት ቦሮን ይባላል፤ አበባው ፍሬ እንዲይዝ የሚረዳው እሱ ነው። ከእሱ በጀሪካን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ሳይቆለል። ፈሳሽ ሳሙናም ጠብ አድርጊበት፤ የዘይቱን ቅጠል ፊቱ ሰም እንደተቀባ ስለሆነ ውሃውን ያንሸራትተዋል። ደግሞ ፊቱን ብቻ አርጥበሽ እንዳትመለሺ። የሚጠጣው ብርማ የሆነው ጀርባው ነው፣ ከሥር ወደ ላይ ርጪው። ፀሐይ ሳትወጣ ጀምረሽ ሳትከር ጨርሺ። አበባ ከመምጣቱ በፊት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት እያረፍሽ ደጋግሚው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ሻሽ አይበቃም፣ ማስክ ግዢ። ነፋሱ ከጀርባሽ ይሁን። ዩሪያ ሰው አይጎዳም ይሉሻል፤ ለእኔም ስለሌላው ሁሉ ብለውኝ ነበር። ይህን እንደ ቀልድ አታንብቢው።

የስልኩን ነገር ለሆዮ አስረጃት። እንዳልሽው ተራራ ነው።

ወንድምሽ ሉቅማን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሉቅማን፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙን ያቅልልህ፣ ዱዓህን ይቀበልህ። ዛሬ የምጽፍልህ ወሬ ጣፋጭ ስለሆነ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ከገበያ መደቤ ጎረቤት ተዋስኩ፤ ከዚያ በፊት ምን ተረጭቶበት እንደሆነ ስለማይታወቅ በሳሙና ሦስቴ አጥቤዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ እንደሰገድን በባጃጅ ኮንትራት ወጣን። ሆዮ ቤት ቅሪ ብላት አሻፈረኝ አለች። ማስኩን ሳስርላት፣ «ይሄ እንኳ ለአንቺ ነበር የሚያስፈልገው፣ ትንሽ ዝም ያሰኝሽ ነበር» አለችኝ። ኸባብ ውሃውን በአህያው አምጥቶልን ቆሞ ያየኛል። እኔ ከሥር ወደ ላይ ስረጭ እጀታዬ ድረስ ርሻለሁ። «ዛሬ አጠብሻቸው፤ ነገ ደግሞ ልታበጥሪያቸው ነው?» አለኝ። ሳቅ ይዞኝ ማስኩ ውስጥ ልታፈን ነበር።

በሁለተኛው ርጭት ላይ ቅጠሉ መልኩን ቀየረ። ያ ቢጫው ሄዶ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። በሦስተኛው አዲስ ቀንበጥ መጣ። ትናንት ደግሞ፣ ሉቅማን፣ በየቅጠሉ ብብት ሥር ትንንሽ ነጭ እንቡጥ ተሰክቶ አየን። እኔ መጀመሪያ ተባይ መስሎኝ ላረግፈው እጄን ስሰድ ሆዮ እጄን መታችኝ። ዓይኗ አያይም የምለው ውሸት ነው መሰለኝ። ኸባብ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ «የበድሩ ነገር፣ ሞቶም ያስገርማል» አለ።

ሆዮ ከተመለስን ጀምሮ አላረፈችም። ክፍልህን ኖራ አስቀባች። ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለሳቢያን ሰው ሁሉ፣ ለባጃጁ ሾፌር ሳይቀር፣ «ልጄ ሊመጣ ነው» ብላለች። ፍሬው እስኪታይ አፍሽን ያዢ ብላት፣ «አንቺ መሐላ ምን እንደሆነ አታውቂም» አለችኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ተዘጋጅ። የመኖሪያ ወረቀትህም ድሮ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ ምክንያት የለህም፣ ያዝንህ።

በደስታ የሰከረች እህትህ ፊርዶስ

ደቡብ ጣልያን
መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፊርዶስ፣

ሰላም ለሁላችሁ። የዘገየሁት በሥራ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ደስ ብሎኛል። በጣም ደክመሻል።

የሳቢያኗ ዐስሊ ልጇን ልትጠይቅ እዚህ መጥታ ስትመለስ አንድ ጠርሙስ ታመጣልሻለች። አበባው ሙሉ ለሙሉ ሲፈካ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ በጠርሙሱ ክዳን ልክ በጀሪካን ውሃ በጥብጠሽ አንድ ጊዜ ብቻ ርጪው። ዛፉን የሚያጠነክር ነው። ማስኩን አትርሺ፤ በዚህኛው ላይ ጓንትም አድርጊ።

ሆዮ ያን ቀን ሐርላ ባትወጣ ይሻላል። ክፍሉንም፣ ፍራሹንም ተዉት፤ አታድክሚያት። ለሰውም ባታወራ ጥሩ ነበር።

ሉቅማን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሉቅማን፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ከክፉ ይጠብቅህ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አፍሬ ሳምንት ሙሉ ሳመነታ ቆይቻለሁ።

አበባው ረግፏል።

ጠርሙሱን ዐስሊ አምጥታልኛለች። አንተን እንዳላገኘችህ፣ ወርሳሜ የሚባል ጓደኛህ እንዳቀበላት ነገረችኝ። «ሉቅማን ራሱ ለምን አልመጣም?» ስላት፣ «ሥራ ላይ ነው አሉኝ» ብላ ወሬ ቀየረች። እኔም ተውኩት። አበባው ፍክት ብሎ፣ ዛፉ በሩዝ የተረጨ መስሎ ሳለ ወጣን። ሆዮን አታምጫት ብለኸኝ ነበር፤ ሆዮን ማን ከልክሎ ያውቃል? ያልከኝን በክዳኑ ለክቼ ረጨሁ። አንዷን ቅርንጫፍ ብቻ ተውኩ። ርግብ ጎጆ ሠርታባት ነበርና ሆዮ፣ «እናትየዋን ከልጆቿ ልታባርሪያት ነው?» ብላ አላስነካ አለችኝ።

በሳምንቱ ስንመለስ መሬቱ ነጭ ነው፣ ዛፉ ባዶ ነው። ርግቧ እንዳትበረግግ ወደ ቅርንጫፏ አልቀረብንም፤ በሌላው ላይ ግን የቀረው ጥቂት ዘለላ ነው። ነካ ሳደርገው የቀረውም እጄ ላይ ወረደ።

ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ያን ቀን ባጃጁ አርፍዶብን ፀሐይ ወጥታብናለች። ወይ መርጫው ውስጥ የቆየ ነገር ቀርቶ ይሆናል፤ አጥቤዋለሁ ግን ማን ያውቃል። ወይ ክዳኑን አብዝቼው ይሆናል፣ እጄ ቸኩሎ ነበር። ቅመም መለካት አውቃለሁ ብዬ ፎክሬብህ ነበር። ያንተን መምጫ በገዛ እጄ ነው ያረገፍኩት፤ እንቅልፍ የለኝም።

ኸባብ እንኳ ሳያሾፍብኝ ቀረ። ጀሪካኖቹን ሰብስቦ አህያው ላይ ሲጭንልኝ ነው የባሰ ያለቀስኩት።

ሆዮ ግን አላለቀሰችም። ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ የረገፈውን አበባ በመዳፏ እያፈሰች ሻሿ ላይ ታኖረዋለች። ከዚያ፣ «ይሄን መድኃኒት ሉቅማን ነው የላከው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ራሱ?» አዎ፣ ራሱ አልኳት። ሻሿን ቋጥራ ተነሣች። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሳለቅስ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገችና፣

«አንቺ አይደለሽም» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ብላ ነው። እባክህ አንተም አንድ ነገር በለኝ። ብትሰድበኝም ግድ የለኝም።

ፊርዶስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሉቅማን፣

ሰላም ይድረስህ። መልስ አልሰጠኸኝም። ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ ከዘበኛው ጋር ተዋውቄያለሁ፤ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያወዛውዝልኛል፣ የለም ማለቱ ነው።

ዓረፋን በደህና ውለናል። ሆዮ ትንሽ ድካም ብጤ አላት፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ምግብ ብዙ አትወድም፣ ሙቀቱም ነው። ሐኪም ቤት ወስጄያት ነበር፤ መድኃኒት ሰጥተዋታል።

ስለ ዛፎቹ እንዳልጽፍልህ ከልክላኛለች፤ ስለዚህ አልጽፍም። ክፍልህ እንደተቀባ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ስለ መምጣትህ ሰው ሲጠይቃት ሲያፈራ ማለቷን ትታለች፤ አሁን የምትለው «ጤና ይስጠው» ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ተራራም ይሁን ባሕር ውረድና ደውል። ማታ ማታ ስልኬን ከእኔ ወስዳ ትራሷ ሥር ታደርገዋለች። ጠዋት ስትመልስልኝ፣ «ሞልቼልሻለሁ» ትለኛለች፤ ቻርጅ ማድረጓ ነው እንግዲህ። ያንተን ድምፅ ለመስማት እንጂ የቅመም ደንበኞቼን ስልክ ለማንሣት እንዳልሆነ መቼም ታውቃለህ።

ፊርዶስ

ጣልያን
ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፊርዶስ፣

ሰላምታውን እንደሚገባ ማድረስ አቅቶኛልና አትቀየሚኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

መርጫው ንጹሕ ነበር። ፀሐዩም አይደለም፣ እጅሽም አይደለም። አበባውን ያረገፈው የላክሁልሽ ጠርሙስ ነው። እዚህ አገር ዘይቱን ለጥላ ብቻ የሚተክሉ ሆቴሎች አሉ። ፍሬው ወድቆ የግቢያቸውን ንጣፍ እንዳያጠቁርባቸው፣ ሲያብብ ያንን ያስረጩታል። አበባው ይረግፋል፣ ዛፉ ምንም አይሆንም። እኔም ረጭቼዋለሁ፤ ሥራውን አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የላክሁልሽ።

አምና ከዓረፋ በኋላ እጢ ተገኝቶብኝ ጉሮሮዬን ቀደዱኝ። ከረጨሁት ሁሉ መድኃኒት ይሁን ከሲጋራው፣ ሐኪሞቹም አልቆረጡም። እኛ ማስኩን ሙቀት ነው እያልን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ነበር የምንረጨው። ድምፅ የሚያወጣውን አካል አውጥተውታል። የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። ተራራ የሚባል የለም፣ ኔትወርክም አልጠፋም። የምኖረው ከተማ ውስጥ ነው፣ ከወርሳሜ ጋር። እሱ የእኛው ከተማ፣ የለገሃሬ ሰፈር ልጅ ነው፤ ሥራ ያገኘልኝም እሱ ነው፣ የአትክልት ሣጥን አጥባለሁ። ዐስሊ በመጣች ቀን ሰላም ልላት ስለማልችል ኩሽና ገብቼ ተደበቅሁ።

ዛፉ አበበ ብለሽ ስትጽፊ መሐላው ያዘኝ። አፍርቶ ብቀር ለእናቴ በውሸት የማልሁ ልሆን ነው። ብመጣ ደግሞ በር ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ምንም የማልላት ልጅ ልሆንባት ነው። ሁለቱንም ፈራሁ። ስለዚህ ባያፈራ ይሻላል አልኩ። እዚህ ሆኖ ሲያስቡት ቀላል ነበር። አንቺ ጥፋቱን ወስደሽ ትጽፊልኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሰኔ ላይ «ትንሽ ድካም» ያልሽውን አነበብኩ። አባቴ የታመመ ጊዜም እንዲህ ብላችሁኝ ነበር። ስለዚህ ከባድ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አልደበቅም።

እዚህ አየር ውጦ እንደ ግሳት መልሶ በማውጣት መናገር ያስተምራሉ። ከሥራ ስንመለስ ወርሳሜ ያለማምደኛል። «ዳቦ» ማለት እችላለሁ። «በቃ» ማለት እችላለሁ። «ሆ» ግን ትንፋሽ የምትፈልግ ሆና ከሁሉ ከበደችኝ፤ «ኦዮ» ነው የሚወጣልኝ። እስከ መውሊድ ትስተካከላለች ይለኛል ወርሳሜ። የመውሊድ ዕለት ከቀትር በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዥላት። አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ድምፁ እንደ ዛገ በር ነው፣ ግን የእኔ ነው። ከዚያ እመጣለሁ፣ አፈራም አላፈራም።

ይቅር በይኝ ፊርዶስ። አፍሽን ሸፍነሽ እንደረጨሽ ስትጽፊልኝ፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ ደስ ያለኝ እሱ ነበር።

ወንድምሽ ሉቅማን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

በዓይን ላልተያየን ወንድሜ ለወርሳሜ፣

ሰላም ላንተና አጠገብህ ላሉ ያገር ልጆች ሁሉ። እኔ የሉቅማን የአክስቱ ልጅ ፊርዶስ ነኝ። ይህ ደብዳቤ ለአንተ ብቻ ነው። እሱ አጠገብህ ካለ እጠፈውና ኪስህ ክተተው፤ ብቻህን ስትሆን ታነበዋለህ። ዐስሊ ልጇ ልትወልድ ስለሆነ ነገ ትበራለች፤ በአንተ እጅ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ቁርአን አስይዣታለሁ።

ሆዮ ቢሻሮ ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ጠዋት አርፋለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን። ልቧ ነው አሉን። አልተሠቃየችም፤ ውሃ አምጪልኝ ብላኝ ይዤ ስመለስ ሄዳለች። የሉቅማን ደብዳቤ የደረሰኝ ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን፣ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው፣ የመጣው ሰው ጫማ ደጃፉን ሞልቶት ሳለ ነው። ጓዳ ገብቼ አነበብኩት። ስወጣ ሴቶቹ ለሆዮ የማለቅስ መስሏቸው ያዙኝ። ለየቱ እንደማለቅስ እኔም አላወቅሁትም።

አንተ የለገሃሬ ልጅ ነህ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። የአባቱን ሞት አንድ አላዋቂ በስልክ ነው የነገረው፣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ። ያን አልደግምበትም ብዬ ነው አንተን የማስቸግርህ። ሱብሒ ከሰገዳችሁ በኋላ ይሁን፤ ሥራ በማይገባበት ቀን። የምታውቃቸውን ያገር ሰዎች ሰብስብ፣ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ይኑርበት። ከፊቱ ቁሙ፣ ከኋላውም ሰው ይኑር። ደግሞ ሰው እንዲያ ባለ ቀዳዳ እየተነፈሰ ሲያለቅስ ይታፈን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሐኪሙን አስቀድመህ ጠይቅልኝ፣ የሚያስፈልገውንም አጠገብህ አድርግ።

ከመውሊድ በፊት መሆን አለበት። ያችን የተለማመዳትን ቃል ይዞ ሲደውል እኔ አንሥቼ ምን እለዋለሁ?

አሁን የምነግርህን ደግሞ መርዶውን ከሰማ በኋላ፣ ሲረጋጋ ንገርልኝ። ለርግቧ ብለን ሳንረጭ የተውናት ቅርንጫፍ ነበረች። አፍርታለች። ሰኔ ላይ ሆዮ ራሷ ናት ያየችው፤ ቁንዶ በርበሬ የምታህል አረንጓዴ ፍሬ በየቦታው። እኔ እየሮጥኩ ለሉቅማን ልጻፍለት ስላት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አትጻፊለት» አለችኝ። «ቢችል ኖሮ ይመጣ ነበር። አበባውን ያረገፈው እሱ ነው። ልጄ ምን ቢደርስበት ነው እንዲህ ያደረገው እያልኩ ነው እንጂ አልተቀየምኩትም። ያፈራ መሆኑን ከሰማ መሐላው ያንቀዋል። ተይው።»

እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ሙቀቱ አእምሮዋን ነካው ብዬ ነበር። ከዚያ አንዷን ፍሬ ቀጥፋ በድዷ ሞከረቻት። ጥሬ ዘይቱን እሬት ነው፤ ፊቷ ሁሉ ተጨማደደ። «ይሄን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅነው?» ብላ ሳቀች። ኸባብም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ተቀይማኝ ሞተች ብሎ እንዳያስብ ይህን አንድም ሳታስቀር ንገረው። እኔም እንዳልተቀየምኩት ጨምርበት፤ ጊዜ ወስዶብኛል፣ ግን አልተቀየምኩትም። በመሐላ የሚመጣን ዕዳ በጾምም በምጽዋትም ይወጡታል፤ ቃዲውን ጠይቄያለሁ። ለእናቱ አንድ ቃል ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ እሷ ድምፁንም ቀዳዳውንም ትችለው ነበር። ይህን ግን አትንገረው። ራሱ ያውቀዋል።

ከደብዳቤው ጋር አንዲት ማሰሮ አለች። የዚያች ቅርንጫፍ ፍሬ ነው፤ ምሬቱ እንዲወጣ በጨው ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩለት። የክፍሉን ቁልፍም ከሆዮ አንገት ስናወልቅ እኔ ይዤዋለሁ፤ ግድግዳው አሁንም ነጭ ነው። ዘይቱኑ አፍርቷልና ይምጣ። እኔ በር እከፍታለሁ፣ ምንም ማለት አይጠበቅበትም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ወርሳሜ ወንድሜ። መርዶ ሲነገር ሰሚው ኢና ሊላሂ ብሎ ይቀበላል። እሱ ድምፅ የለውም። እንግዲህ ስትነግሩት ዙሪያውን ከብባችሁ እጁን ያዙትና፣ በእሱ ፋንታ እናንተ ጮክ ብላችሁ በሉለት።

እህታችሁ ፊርዶስ